ጥንቸሏ እንጨቱን ስትዘል

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬም አመለጠችኝ! ከፖስታ ቤት ሥራዬ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ጫካ... ከጥዶቹ መሃል ነጭ ነገር ሽው አለ፤ ካሜራውን ሳነሳ የለችም። ሃያ ሰባት ፎቶ። ሃያ ስድስቱ በረዶ፣ አንዱ ጆሮ። ግን ጆሮዋ እንዴት ጥርት ብሏል!

አባባ ጋ ጎራ ብዬ አሳየኋቸው። ቀና ብለውም አላዩት።

"ፎቶ ድስት አይሞላም" አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥንቸል በሽቦ ወጥመድ ሲይዙ የኖሩ ሰው፣ ምን ይበሉ? ጥቅል ሽቦው ዛሬም ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጥንቸሎቹ አሳዝነውኝ ወጥመዳቸውን በሙሉ በፒንሳ ቆራረጥኩት። አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ጫካ ይዘውኝ ሄደው አያውቁም።

ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። ኤፕሪል 12 ወንድሜ ክላር መጥቶ ሴንት ጆንስ ከተማ፣ እሱ ቤት ይወስዳቸዋል። ከዚያ በፊት አንድ ፎቶ... አራቱም እግሮቿ አየር ላይ ሆነው። እሳቸውን ቀና የሚያደርግ። ብዙ ነው የጠየቅሁት?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

መንገዷን አገኘሁ!! በረዶው ላይ የተደለደለች፣ ስንዝር የማትሞላ። መሃሏ ላይ እንጨት ወድቋል፤ ኮቴዋ እንጨቱ ጋ ይቆምና ከወዲያ ማዶ እንደገና ይጀምራል። እዚህ ጋ ነው የምትዘለው!

እሑድ፣ ማርች 16

እሑድ አደን ስለማይፈቀድ ዛሬ ጫካው የእኔ ነው። እንጨቱ ፎቶውን እንዳያበላሽብኝ አነሳሁት፣ በረዶ ላይ ለሁለት ሰዓት ተጋደምኩ። መጣች... አልፋኝ ሄደች። ፎቶው ላይ ነጭ ጭረት ብቻ። ምን ሆና ነው ያልዘለለችው?

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ለአባባ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"እንጨቱን አነሳሽው? አንቺ ልጅ! ምኑን ትዝለል ታዲያ?"

ከዚያ... ጠየቁኝ! ወንዙ ጋ ነው? ቁመቱ ስንት ነበር? በከዘራቸው የማድቤቱ ወለል ላይ እየሳሉ አሳዩኝ።

"እኔ ከፍ አድርጌ ነበር የማጋድመው፣ በሥሩ ሾልካ ሽቦው እንዲገጥማት። አንቺ ዝቅ አድርጊና ሥሩን በቅርንጫፍ ድፈኚው። ከዚያ ሳምንት ድርሽ እንዳትይ።"

"ሳምንት ሙሉ?"

"ትልመደው! ካሜራሽንም እንጨቱ ላይ አነጣጥረሽ ጠብቂ። እኔ ጥንቸል አሳድጄ አላውቅም።"

ረቡዕ፣ ማርች 26

እንጨቱን ካጋደምኩ ሰባት ቀን። ድርሽ አላልኩም። እጄን እየበላኝ ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ያዝኳት! ያዝኳት! ያዝኳት!

አራት እሑድ ጠበቅኳት... አይ፣ ሁለት እሑድ ነው፣ መቁጠርም ጠፋኝ። በረዶው ሊያልቅ ስለሆነ ነጭ ጸጉሯ እየረገፈ ነው፤ ግንባሯ ቡናማ ሆኗል። ሌላ ሳምንት ብትቆይ ነጭነቷ አብቅቶ ነበር። ስትመጣ አላሳደድኳትም፣ እንጨቱን ብቻ እያየሁ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። አራቱም እግሮቿ አየር ላይ! ከጣቶቿ የሚረግፈው በረዶ ሳይቀር ይታያል። ጮኽኩ፤ ከቅርንጫፉ በረዶው እላዬ ላይ ተደፋ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩላቸው። በማጉያ መነጽር ብዙ አዩት። "ነፋሱ ከፊት ለፊትሽ ነበር፣ እንዳታሸትሽ?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ሌላ ነገር የለም። ቤት ስገባ ከፋኝ። ጎበዝ ማለት እንዲህ ያቅታል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ክላር ወሰዳቸው። ቤቱን ጠርጌ ልዘጋ ስል ከበሩ ጀርባ አየሁ። ሚስማሩ ባዶ ነው። ሽቦውን ለምን ወሰዱት?

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ክላር ደወለ።

"ኧረ ዴልፊን፣ ምን ሰጥተሻቸው ነው? ለፎቶው ማንጠልጠያ ብገዛላቸው እምቢ አሉ። በዚያ በዛገ ሽቦ አስረው አልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት። ጎረቤት ሁሉ እየተጠራ እያየው ነው።"

ስልኩን ነጠቁት።

"ዴልፊን?"

"አቤት አባባ።"

"ጎበዝ። ስትመጪ ግን ፒንሳ እንዳትይዢ።"

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ነገር አንዴም ተንፍሰው አያውቁም። ሳቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

ነገ ከሥራ ስወጣ ጫካ እሄዳለሁ።