ሸንኮራውን የተነጠቀው ልጅ

ይድረስ ኪራሙ ላለው ወንድሜ ለሕሩይ። እንደምን ሰነበትክ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሐሳባችን ግን አንተው ዘንድ ነው።

ጉድ ልንገርህ! የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የድሮ ፎቶዎችን ኮምፒውተር ላይ እየጫነ ነው። አንዱ ላይ ነቀምቴ ገበያ መሐል አንተ አፍህን ከፍተህ ታለቅሳለህ፤ እኔ ሸንኮራህን ነጥቄ እስቃለሁ። ከሥሩ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? «ያልታወቁ ሕፃናት»!

በንዴት ሄድኩላቸው። ሠራተኛዋ ድርቤ፣ «አዴ ሸዋጌጥ፣ ስማችሁን እናስገባለን። ግን በሕይወት ያለ ሰው ራሱ መጥቶ ይፈርማል፤ ለሞተ ነው ዘመድ የሚፈርመው» አለችኝ።

«ወንድሜ ያለው ኪራሙ ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም አልሠራ ብሎ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሱን ኔትወርኩን ጠይቂው!»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙለት፤ ዛሬውኑ ያልቃል» ብላ እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። ድፍረቷ! መልሼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። ካንተ ሰፈር የመጡትም መናኸሪያ ሲያዩኝ አቀርቅረው ያልፋሉ፤ የዛሬ ሰው ሰላምታ እንኳ ከበደው።

ይህን ደብዳቤ ወደ ጊዳ ለሚሄድ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ ሰው ካለ ያደርሰዋል።

አሁን ፎቶው ላይ የኔ ስም ገብቷል። ከጎኔ ያለው ልጅ «ያልታወቀ» እንደተባለ ነው። ይቆይ! መጥተህ ራስህ ፈርም፤ የሸንኮራህንም ካሳ እከፍላለሁ።

እግዚአብሔር መንገዱን ከፍቶ ፊትህን ያሳየኝ።

እህትህ ሸዋጌጥ፣ ከነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ