ለጓሳ መክፈቻ የደረሰ እግር

ረቡዕ

ደጃፍ ላይ ወደቅኩ። ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ የግራ እግሬ ጣቶች አልነሳ ብለው መሬት ለመሬት ይጎተታሉ። ባለቤቴ የሺ እያነሳችኝ «ስንቱን አስተምረህ ደፍ ማለፍ አቃተህ?» አለች። ሳቅን። ከዚያ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጓሳ፣ የመንዝ የጋራ ሣር መሬታችን፣ ይከፈታል። ለዓመታት የተከለለው ሣር ሊታጨድ ነው። እስከ ጫፉ በኪራይ በቅሎ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ልጅ ሳለሁ መክፈቻው ሲቃረብ አባቴ ማጭዱን ስሎ አልጋው ሥር ያኖር ነበር። እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

«ጣራችን ቆርቆሮ፤ ሣሩን ምን ልታደርገው?» አለች የሺ። እንጃ። አንድ ቀን እንደ ድሮው ከሰው ጋር ማጨድ አማረኝ፣ በቃ።

ሐሙስ

ልጃችን ትዕግስት ከደብረ ብርሃን መጣች። ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከጉልበት በታች የሚጠለቅ ጨርቅ ይዛልኛለች። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ተሸምኖበታል፤ ባትሪው ጎኑ ላይ ነው። «አርጥበው ነው የሚያጠልቁት፣ አባዬ።» በመንዝ ብርድ እርጥብ ጨርቅ!

ተረከዜን ሳነሳ ነዘረኝ፤ ጣቶቼ ብድግ አሉ። እስከ አጥሩ ሳልጎተት ሄድኩ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ዓርብ

ትዕግስት በጠዋት ተመለሰች። እሷ ስትሄድ ጨርቁም ሞተ። አረጠብነው፣ ባትሪውን ሞላነው። ዝም። ለበቅሎዋ ባለቤት «ቀርቻለሁ» ብዬ ላክሁ። ምሳ አልበላሁም።

ከሰዓት ትዕግስት ደወለች። ነገርኳት።

«እግርዎን ምን ተቀቡ?»

የሺ አቀረቀረች። ለነገው መንገድ ይፍታታ ብላ ማለዳ በቅቤ አሽታኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የታሸሁት።

«ቅቤ ኤሌክትሪኩን አያሳልፍም። እግርዎንም ጨርቁንም በሳሙና ይጠቡ።»

የሺ በሙቅ ውሃ ፈገፈገችኝ። «ስንቱን ያዳነ ቅቤ ዛሬ ጥፋተኛ ሆነ» ትላለች። ጣቶቼ ተነሱ። ለበቅሎዋ ባለቤት ደግሜ ላክሁ።

ቅዳሜ

ከየሺ ጋር ሄድን። ከበቅሎዋ ወርጄ በእግሬ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። እርጥቡ ጨርቅ ጥርሴን ያንገጫግጨኛል፤ እግሬ ግን ይነሳል። «መምህር፣ መጡ?» አሉኝ አጫጆቹ። ድሮ በግራ በቀኜ ያጭዱ የነበሩትን በዓይኔ ፈለግሁ። አብዛኞቹ አርፈዋል። ናፈቁኝ።

ጎንበስ ስል ሚዛኔን ሳትኩ። ማጨዱ አልሆነም። የሺ ማጭዱን ከእጄ ወሰደች።

በጉብዝናችን ጊዜ እኔ ሳጭድ ከኋላዬ እየተከተለች የምታስረው እሷ ነበረች። ላልቷል እያልኩ ስንት ጊዜ አስፈትቻታለሁ። ዛሬ እሷ አጨደች፤ እኔ እግሬን እያነሳሁ ከኋላዋ አሰርኩ። ዞር ብላ እስሩን በእጇ ሞከረችው።

«ላልቷል፤ ፍታው» አለች።

ፈታሁት።