መርዶዬን ይዘህ ና

ድሬዳዋ፣ ለገሃር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለናሁሰናይ፣

እንዴት ሰንብተሃል? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ያልደወልኩልህ የጎረቤታችን የሁዶ ልጅ ዐብዲሰላም «ሆዮ፣ እናቴ፣ ስልክሽ ታሟል» ብሎ ለጥገና ከወሰደው አሥር ቀኑ ስለሆነ ነው። በዚያው ቀን ሁዶም የኔ ተበላሸ ብላ ሬዲዮኔን ተዋሰችኝ። የሷ ሬዲዮ ጠዋት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ቢሆንም ሰጠኋት።

ሰፈሩ ሁሉ ሰሞኑን ደግ ሆኖብኛል። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ብሄድ ሻጯ ናሲሞ ከመቀመጫዋ ተነስታ እኔን አስቀመጠችና «አብሽሪ» አለችኝ። ምን ሆኜ ብላት፣ ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጠለኝ ብላ ፊቷን አዞረች። ስንት ዓመት በሚዛን ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች ነን።

ልጄ፣ ሬዲዮኔን የወሰዱት አንድ ቀን ዘግይተው ነው።

ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ከሬዲዮው የእህትህ ድምፅ መጣ። የእፀገነትን ድምፅ በባቡር ጩኸት መሃል እንኳ አውቀዋለሁ። ዘፈኑ ሲያበቃ ዜና አንባቢዋ «የኦፔራ ዘፋኟ በጣልያን አገር በሞት ተለየች፤ ሥርዓተ ቀብሯም እዚያው ተፈጸመ» አለች።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። እሷ ስትሞት የመጀመሪያዋ አይደለም። መድረክ ላይ አንዴ መርዝ ትጠጣለች፣ አንዴ በሳንባ ታልፋለች፣ አንዴ ባሏ ያንቃታል። እሁድ ስትደውል «ዛሬስ ሞትሽ?» እላት ነበር። «ሞትኩ እማዬ፣ ሰዉም አለቀሰ።» «በይ እንግዲህ ተነሺና እራትሽን ብይ።» አባታችሁ ነጋም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ጥገናው ድረስ ሄዶ «ልጄ ትናንት ሞታ አገር አስጨበጨበች» እያለ ያወራ ነበር። ያን ቀንም ልብሱን እንደያዝኩ ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ዜናው ወደ ኳስ አለፈ።

ሰፈሩ መርዶውን የያዘው አንተን ጠብቆ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወንድሟ ሳይመጣ ማን አፉን ይከፍታል? ሁዶ ስልክ ስታወራ ድምፄን ቀነስኩ ብላ «ቅዳሜም አልሆነልህ?» ስትልህ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ሥራ በዝቶብህ አይደለም። ፊቴን ማየት ፈርተህ ነው። አልተቀየምኩህም፤ እኔም ያንተን ፊት ፈርቻለሁ።

ግን መርዶ ሳይነገረኝ እንዴት አለቅሳለሁ? ሁዶ ቀድሜ መስማቴን ብታውቅ፣ ብቻዋን ተውኳት ብላ ዕድሜ ልኳን ትጸጸታለች። ስለዚህ ከሰው ጋር እስቃለሁ። ሲብስብኝ ቧንቧውን ከፍቼ አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ። ጥቁር አልለበስኩላት፣ ፍትሐት አላስፈታሁላት። አርባዋ እየገሰገሰ ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሹፌሩ ቃሊ ነው። አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አንብበህ ቅደደው፤ ለማንም እንዳታወራ።

እንደ ወጉ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር በሩን አንኳኩ። እኔም «ምነው፣ በደህና?» ብዬ እከፍታለሁ። አንተ ብቻ ንገረኝ። እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እሰማሃለሁ፤ ከዚያ አብረን እንጮሃለን።

እመቤቴ ማርያም ከመንገድ ክፉ ትሰውርህ። አንተ እንኳ ቅበረኝ፣ ልጄ።

እናትህ አሰገደች