የወይዘሮ ይርጋነሽ ናሙና እንዳይቃጠል

ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለደብረ ሣህል ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ጽ/ቤት
ሞጣ

ጉዳዩ፦ የዕጢ ናሙና ማቃጠሉ እስከ ግንቦት 21 እንዲዘገይልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሽታሁን ፋንታ የቢቸና ተወላጅ ስሆን፣ አምና በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ በዚሁ ሆስፒታል ተቀጥሬ እሠራለሁ። ክቡርነትዎ የሚከተለውን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. ሚያዝያ 26 ቀን ለቢቸናዋ ወ/ሮ ይርጋነሽ አዳሙ የጡት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፤ ውጤቱም ካንሰር ሆኖ መጣ። ለምርመራ ከተላከው የተረፈውን ቁራጭ፣ በጣት አሻራቸው ፈቅደውልኝ፣ አብሬው ጥናት ልሠራ የተነጋገርሁት ዩኒቨርሲቲ በሰጠኝ ማቆያ ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ ነክሬ ከላቦራቶሪው ፍሪዘር አስቀመጥሁ። ጥናቱን የሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ሲደርስ አሰፍረዋለሁ ብዬ ግን መዝገብ ላይ አላሰፈርሁም። ደብዳቤውን ሳልጠብቅ መቸኮሌ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ።

2. ባለፈው ሐሙስ የሆስፒታሉ የንብረት ቁጥጥር ኮሚቴ ፍሪዘሩን ሲፈትሽ ብልቃጡን አገኘ። «እዚህ ሉካንዳ ከፈትህ እንዴ?» ተባልሁ፤ ተሳቀብኝ። ያልተመዘገበ በመሆኑም አርብ ግንቦት 18 ከቆሻሻ ጋር እንዲቃጠል ተወሰነ።

3. ለአንዲት ቁራጭ ሥጋ ምን አስጨነቀህ ለሚለኝ ምክንያቴ ይህ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ጥሬ ዕቃዎች እያመላለሰ የሚያቀብል አጓጓዥ አር ኤን ኤ አለ፤ በላዩም ጥቃቅን ኬሚካዊ ለውጦች ያርፉበታል። በአንዳንድ ካንሰሮች እነዚህ ለውጦች በዝተው ወይም ጎድለው፣ ዕጢው ለማደግ የሚሻውን ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ እንደሚያግዙት ተጽፏል። በእኛ አገር ሴቶች ዕጢ ላይ ምን እንደሚመስሉ ግን እኔ ያየሁት ጽሑፍ የለም፤ ናሙናውን ያስቀመጥሁትም ይህንኑ ለማጥናት ነው።

4. ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ወ/ሮ ይርጋነሽ ሲፈቅዱልኝ፣ «ልጄ፣ ለትምህርት ከሆነ ውሰደው፤ ስትጨርስ ግን መልስልኝ። ከአካሌ የወጣ ነው፣ ከደብራችን አስቀብረዋለሁ» አሉኝ። እኔም «እሺ እማማ» አልሁ። ለጥናት የሚሄደው ተፈጭቶ እንደሚቀልጥ፣ ተመልሶም እንደማይመጣ አልነገርኋቸውም። ሐሳባቸውን ይለውጡብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ወ/ሮ ይርጋነሽ ቁስላቸውን ለማሳየት ሰኞ ግንቦት 21 ይመጣሉ። ስለዚህ ማቃጠሉ እስከዚያ ቀን እንዲቆምልኝ፣ በእርስዎ ፊትም እውነቱን ነግሬያቸው፣ ለጥናት ይሂድ ወይስ ይመለስ የሚለውን ራሳቸው እንዲወስኑ እለምናለሁ። ይመለስልኝ ካሉ ጥናቱን ትቼ ብልቃጡን በእጃቸው አስረክባለሁ። ቅጣቴን በጽሑፍ ቢሰጡኝ እቀበላለሁ፤ «ተቃጠለ» ብዬ የምነግራቸው አፍ ግን የለኝም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሽታሁን ፋንታ
(ፊርማ)