ሽቦውን የማልልክበት ምክንያት

ይድረስ በጀርባሽ አዝለሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው፣ አሁንም ስትነሺ ግድግዳ ይዘሽ ነው? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? ጠብታውን በየቀኑ ትጨምሪላታለሽ ወይስ «አቃጠለኝ» እያለች ታባርርሻለች? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ያ የክረምት ሳል ለቀቀው? ትንሹ ልጅሽ አሁንም ጫማውን አዟዙሮ ነው የሚያደርገው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚያ ያለፈውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ። ከመቀጠልሽ በፊት ግን ቁጭ በይና ልጅሽን ከጎንሽ አስቀምጫት። ለእሷም ጭምር ነው የምጽፈው።

መንገደኛው ያመጣልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመሃሉ ልጅሽ በራሷ እጅ የጻፈችው ወረቀት ነበር። «አክስቴ፣ አንቺ ጥርስ ሐኪም ቤት ስለምትሠሪ የጥርስ ሽቦና ጥርስ ላይ የሚለጠፉትን ትንንሽ ብረቶች ላኪልኝ። ፀጉር ቤት ያለችው ሴትዮ ዕቃው ከተገኘ በአንድ ከሰዓት አስራ ትጨርስልኛለች» ትላለች። ከሥሩ ጥያቄዎቿን ደርድራለች። ያማል ወይ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ በአሥራ ሰባት ዓመት አልረፈደም ወይ፣ ከተፈታ በኋላስ ጥርሱ እንደተስተካከለ ይቀራል ወይ። ክፍል ውስጥ «መጥረቢያ» እያሉ እንደሚጠሯት፣ አስተማሪው ስሟን ሲጠራ አፏን በደብተር ሸፍና «አቤት» እንደምትልም ጽፋለች። ሽቦውን ግን አልልክም።

መጀመሪያ አንድ ውሸት ላንሳ። እናንተ ዘንድ ነርስ ናት እየተባለ ይወራል፤ እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ነርስ አይደለሁም እታለም። ወለል የምጠርግ፣ ሐኪሟ የተጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች የማጥብና የምቀቅል ሠራተኛ ነበርኩ። ነበርኩ ያልኩት ወጥቼ ነው። ስለ ጥርስ የማውቀው ሁሉ መወልወያ ይዤ በሩ ሥር ቆሜ የሰማሁት ነው።

ግን አራት ዓመት ስሰማ ያልሰማሁት ጥያቄ የለም። ያ ወንበር ላይ ሲንጋለል ባለሥልጣኑም ዘበኛውም የሚጠይቀው አንድ ነው። መጀመሪያ «ያማል?» ይላል። ሐኪሟ ጠና ያሉ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሴት ናቸው። «ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ያምሃል፣ ለስላሳ ለስላሳውን ብላ። ከሳምንት ካለፈ ግን ሌላ ነገር ነውና ሳትውል ሳታድር ና» ይሉታል። ስንት ጊዜ ይፈጃል ሲላቸው «ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት። ጥርስ አጥንት ውስጥ የተተከለ ነው፣ እንደ ወንበር አይገፋም» ይላሉ። ዕድሜዬ አልፏል ወይ ለሚለው «ጥርስ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ድድ ግን ጤና ይጠይቃል» ነው መልሳቸው። ከተፈታ በኋላ በመኝታ ሰዓት የሚጠለቅ ማቀፊያ አለ፤ እሱን የተወ ሰው ጥርሱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይመለሳል። ለልጅሽ ጥያቄዎች መልሱ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ነው እንግዲህ ያደረግሁትን ያደረግሁት።

አብራኝ የምትኖር ልጅ ነበረች። ሰፈሩ «ጭምቷ» ይላታል፤ ስትናገር በአጭሩ፣ ስትስቅ በመዳፏ ውስጥ ስለሆነ። እኔ ግን አውቃታለሁ። የክፍላችን በር ከተዘጋ እሷን የሚያህል ቀልደኛ አልነበረም። የአለቃዋን አረማመድ ስታሳየኝ ሆዴን ይዤ አልጋ ላይ እወድቅ ነበር። አንድ ጊዜ በትኩሳት ስወድቅ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ገላዬን ያጠበችኝ እሷ ናት። ጥርሷ ላይም ታችም ተደራርቦ፣ አንዱ ክራንቻዋ ከፍ ብሎ ወጥቶ ከንፈሯን ይገፋዋል። ሥራዋ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ መተኮስ ነበር፤ ስድስት ዓመት እንፋሎት ውስጥ።

ሆቴሉ ከሠራተኞቹ መካከል አንድ ሰው መርጦ እንግዳ መቀበያው ላይ ሊያቆም ፈለገ። ጭምቷ ጽሕፈቷ ያምራል፣ ሁለት ቋንቋ ትናገራለች። የሠራተኞች ኃላፊው ጠርቶ «ሁሉ ነገርሽ ይሆናል፤ ግን እዚያ የሚቆም ሰው ፈገግ ማለት አለበት። ሦስት ወር አለሽ፣ አስቢበት» አላት። ይህን ስትነግረኝ፣ ለእኔ ስትናገር እንኳ ከንፈሯን በእጇ ሸፍና ነበር። ከዚያ በፊት እኔ ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ወደ ሐኪሟ ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅለው ብዙ ጊዜ አዩት። «ድድሽ ታሟል፤ ሥሩን የያዘው አጥንት ሳስቷል። ስድስት ወር ድድሽን እናክም፣ ከዚያ ሽቦ እናስራለን። ጥርሱን አሁን ከሳብነው ተነቅሎ እጃችን ላይ ይቀራል» አሏት። ደረጃውን ስንወርድ ጭምቷ «ስድስት ወር፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። እስከዚያ ሥራውን ሌላ ጥርስ ይወስደዋል» አለችኝ። ሳቅን። የሳቅነው ሳቅ ግን የጥርስ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጥፍር የምትሠራ ሴት አገኘች። ሴትዮዋ በሌሎች ላይ አስራ ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻት። «ዕቃው አልቆብኛል፤ ካመጣሽ ነገ አስርልሻለሁ» አለቻት። ጭምቷ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ምንም ነገር ለምናኝ የማታውቅ ልጅ ለመነችኝ።

ዕቃ ቤት ውስጥ ቀኑ ያለፈበት፣ ሊጣል የተለየ ሳጥን ነበር። ጠዋት ሐኪሟ ሳይገቡ እየጠረግሁ ከውስጡ ጥቅል ሽቦና ሁለት ወረቀት ሙሉ ብረት አንስቼ በሽርጤ ኪስ ከተትኩ። የሚጣል ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ። የሚጣል ነገር ግን ወደሚጣልበት ይሄዳል እንጂ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም። የሐኪሟን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድዷን በራጅ አይቻለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከእጄ ወደ እጇ ሰጠኋት።

ሴትዮዋ ብረቶቹን በጥፍር ማጣበቂያ ለጠፈቻቸው። ሽቦውን በቅንድብ መንቀያ ወጥራ ጠመዘዘችው። መጀመሪያ አመማት፣ ከዚያ ተዋት። በሦስተኛው ሳምንት ጥርሷ በዓይን እስኪታይ ተንቀሳቀሰ። መስታወቱ ፊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይሄ የማን አፍ ነው?» አለችኝ። ኃላፊውም አንድ ጠዋት እንግዳ መቀበያው ላይ ቆማ እንድትሞክር አደረጋት። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች ክሊኒኩ ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ሮጦ የመጣ ሰው ሲስቅ አፉን ለመሸፈን ጊዜ የለውም። ደስታዋን አይቼ፣ እኔም ደግ የሠራሁ መሰለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ድዷ አበጠ። ትራሷ ላይ ደም ማየት ጀመርን፤ አፏም ሽታ አመጣ። የፊት ጥርሶቿ በምላስ ሲነኩ የሚወዛወዙ ሆኑ። «ይሄ ያለ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ሐኪሟ መጀመሪያ ያማል ይላሉ» አልኳት። ከሳምንት ካለፈ ና የሚሉትን ዋጥኩት። እታለም፣ ረስቼው አይደለም። ክሊኒክ ከሄደች ሽቦው ይታወቃል፣ ሽቦው ከታወቀ እኔ እታወቃለሁ ብዬ ነው። ይባስ ብዬ «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» አልኳት። በምን ጥርሴ ልትለኝ እንደፈለገች ከዓይኗ አየሁ። አፏን ከፍታ መናገር ግን አልቻለችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ላይ ወደቀች። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የተነሳው መግል ወደ አንገቷ ወርዶ ኖሯል። ስደርስ አገጯና አንገቷ አንድ ሆኗል፣ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል። ሆስፒታል አገጯ ሥር ቀደው መግሉን አወጡ፤ የምትተነፍስበትን ቱቦ በጉሮሮዋ አስገቡላት። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። አምስት ጥርስ ወጣ፤ ሦስቱ ከላይ ፊት ለፊት የሚታዩት ናቸው። ያቺ ጥፍር ሠሪ ሱቋን ዘግታ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። የእንግዳ መቀበያውንም ሥራ ሌላ ሰው ያዘው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ሽቦውን ከየት አመጣሽው ብሎ ወረቀት ሲሰጣት «ከገበያ ገዛሁ» ብላ ጻፈች። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። አፌን አልከፈትኩም። በማግስቱም አልከፈትኩም። በአራተኛው ቀን እንቅልፍም ምግብም እምቢ ሲለኝ ሐኪሟ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «ያመማት ጊዜ ጠይቃሽ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ምን አልሻት?» አሉ። ነገርኳቸው። ወደ ቧንቧው ዞረው እጃቸውን ታጠቡ፤ ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ «ሽቦው ከቆሻሻ የወጣ ነው። ቃሌን ግን ቆርሰሽ ነው የሰጠሻት» አሉ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ነገሩኝ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄደው የቀረውን ብረት በራሳቸው እጅ እንዳነሱላት በኋላ ሰማሁ።

ጭምቷ ስትድን ወደ እናቷ ቤት ልሂድ አለች። ሻንጣዋን ይዤ እስከ አውቶቡስ ሸኘኋት። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላዋለች። እዚያ ቆመን የዋጥኩትን ነገርኳት፤ እያወቅሁ እንደደበቅኋት፣ ለራሴ ፈርቼ እንደሆነ። ሰው ሻንጣ እየጫነ ይጋፋናል። ንግግሯ በወጡት ጥርሶች መካከል እያመለጠ «አውቃለሁ። ያን ጊዜ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። ሥራውን ስለፈለግሁ እኔም ዝም አልኩ» አለችኝ። ቀጥላም «ስምሽን አልጠራሁም። ይቅር ብዬሽ ግን አይደለም። ይቅርታው ከመጣልኝ እጽፍልሻለሁ፣ ካልመጣ አልጽፍም» አለች። ይኸው አራተኛ ወሯ ነው። አልጻፈችም። እኔ አሁን የመጋዘን ወለል አጥባለሁ። ባዶው አልጋዋ ላይ ሰው አላስገባሁም።

እንግዲህ ልጅሽ ትስማኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አልረፈደም፤ ሐኪሟ ዘንድ አርባ ያለፋቸው ሰዎች ሲታሰሩ አይቻለሁ። የጥርስ ትምህርት የሚሰጥበት ትልቁ ሆስፒታል ውሰጃት። ራጅ ሳያነሳ፣ ድዷን ሳያይ ሽቦ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል ካሏት ለምን እንደሆነ ትጠይቅ፤ ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም አይበጃትም። ጠብቂ ካሏት ትጠብቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ጥርስ ደግሞ ከፈሰሰ አይለቀምም። የክፍሏን ልጆች ነገር ደግሞ አንቺ ራስሽ ትምህርት ቤት ሂጂና አስተማሪውን አናግሪ። ይሄ ሽቦ አይጠይቅም፣ ሰው ይጠይቃል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። «ጥርስ ለማኘክ ነው እንጂ ለመታየት ነው እንዴ» እንደምትል አውቃለሁ፤ ልጅቷ እየሰማች ግን አትበል። ጋሼን እጅ ነስቻለሁ፤ ሳሉ ከቀጠለ ችላ አይበለው፣ ሐኪም ይየው። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጫማውን እንደፈለገ ያድርገው። አንቺም ውኃ ብቻሽን አትሸከሚ።

ልጅሽን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ሽቦውን ስለከለከልኳት ትቀየመኛለች፤ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ደግሞ ምናልባት ልትጠላኝ ትችላለች። እኔ የምለምናት አንድ ነገር ነው፤ ብትጠላኝም በገዛ ጥርሷ ትጥላኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ክፍል፣ የካቲት ፲፩ ቀን