ስድስተኛው ጉድጓድ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ስታቀረቅሪ የሚይዝሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ከቀኝ ትከሻዬ ስብራትና ከመዳፌ ቃጠሎ በቀር ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከነርሷ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ጽሕፈቴ የተወላገደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ ጠጥቶ ነው እንዳትዪኝ። በፖስታ ያልላክሁትም ሌላ ሰው እንዳያነበው ብዬ ነው። አምጪው አንድ እግሩን ያጣ ጓዴ ነውና ወንበር ሰጥተሽ አሳርፊው፤ ስለ ውጊያው ግን አትጠይቂው።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «አንተ ግንበኛ አልነበርክ እንዴ? ግንበኛ ከሰማይ የሚዘለው ምን ሊያደርግ ነው?» ብለሽ ነበር። አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። የአየር ወለድ መሐንዲስ ሥራ እኮ ያው ግንበኝነት ነው፤ ልዩነቱ እየተተኮሰብሽ መሥራትሽ ነው። እግረኛው እንዲያልፍ ፈንጂ እንለቅማለን፣ አውሮፕላን እንዲያርፍ ሜዳ እንደለድላለን፣ ስናፈገፍግ ደግሞ ድልድይ እናፈርሳለን። የእኛ ክፍል መቶ ይባላል እንጂ ሠላሳ አንድ ሰው ነው፣ በሦስት ጓድ የተከፈለ። አንዱ ጓድ ፈንጂ አምካኝ ነው፤ አንዱ አፍራሽ ነው፤ ሦስተኛው እኛ ነን፣ ግንበኛውና አናጢው፣ በጃንጥላ ከምትወርድ አንዲት ትንሽ ዶዘር ጋር። የዶዘሯን ሾፌር «ሬዲዮ» እንለዋለን፤ አፉ ስለማያርፍ ነው። ሲዘል እንኳ አየር ላይ ሆኖ ያወራል።

ከወር በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት ፀሐይዋ ወጣ እንዳለች ዘለልን። የምንወርድበት ጠላት ስድስት ቦታ ላይ የቦረቦረው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነበር፤ ጥጉ ላይ ካለው መጋዘን ውስጥ አርባ ሦስት ቁስለኞቻችን ተኝተዋል። መቶ አለቃው ከመዝለላችን በፊት፣ «እስከ ቀትር አውሮፕላን ካላረፈ እነዚያ ሰዎች አለቁ» አለን። ገና አየር ላይ ሳለን ተኩስ ተከፈተብን። ከጎኔ የሚወርደው አናጢ ሁለት ጊዜ ተወራጨና ጸጥ አለ፤ መሬት የደረሰው ሬሳው ነው። ዶዘሯ ከታሰሩላት ሦስት ጃንጥላዎች አንዱ አልከፈት ብሎ በጎኗ ወደቀች፤ ከሥሯ መሸሽ ያቃተውን አንድ ፈንጂ አምካኝ ጨፈለቀችው። እግሮቹ ብቻ ይታዩ ነበር፤ እሱን ለማውጣት ጊዜ አልነበረንም፤ እሷን አቀናናት።

ሞተሯ ተነሣ፤ ግን ወደ ግራ አልታጠፍም አለች። ሬዲዮ፣ «እንግዲህ እንደ አማቴ ናት፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የምትሰማው» ብሎ ወደ ቀኝ ብቻ እየዞረ አፈር መግፋት ጀመረ። አምካኞቹ ከፊቱ በደረታቸው እየተሳቡ መሬቱን በቀጭን ብረት ይወጋሉ፤ እኛ ከኋላ በአካፋ እንደለድላለን። ሞርታር ይወርዳል። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አካፋ ስቀበለው የነበረው ሰው ክንዱ ከአካፋው ጋር እጄ ላይ ቀረ። እትዬ፣ ወረወርሁትና መድልደሌን ቀጠልሁ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ የሌላ ሰው ወሬ ይመስለኛል።

አምስቱን ሞልተን ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ጠላት ከሜዳው ዳር ካለው የውሃ መውረጃ ቦይ ወጣ፤ ስምንት ይሆናሉ። ሬዲዮን አንገቱን መቱት። ወሬውን ሳይጨርስ መሪው ላይ ተደፋ፤ ዶዘሯ ሬሳውን እንደያዘች መዞሯን ቀጠለች። ላስቆማት ስወጣ አንዱ ሳንጃ ይዞ ተከትሎኝ ወጣ። በአካፋው አፍ ፊቱን አልሁት። ጠመንጃው ወደቀ፣ እሱም ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ዘልዬ ተከተልሁት። እጁን አነሣ። በእኔና በአንቺ ቋንቋ፣ «ወንድሜ፣ ተወኝ» አለኝ።

አልተውሁትም። ሁለት ጊዜ ደገምሁት። የመጀመሪያው ምት ጦርነት ነው፤ ሁለቱ ግን የእኔ ናቸው። ሬዲዮን ስላየሁ ነው ልልሽ እችላለሁ፤ እውነቱ ግን በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

አፍራሾቹ የቀሩትን ወደ ቦዩ መለሷቸው። መቶ አለቃው፣ «አውሮፕላኑ መጥቷል፣ ሙላው!» ብሎ ጮኸ። ሬዲዮን ከወንበሩ አውርጄ እኔ ተቀመጥሁ። ሰውየው ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። አፈሩን ገፋሁበት። ሞቶ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን አላየሁም፣ እትዬ፣ ወርጄ አላየሁም። አፈሩን በዶዘሯ ሰንሰለት ስረግጠው የመጨረሻው ሞርታር ጭስ ማውጫው ላይ አሽቀነጠረኝ፤ ትከሻዬም መዳፌም የሄዱት ያኔ ነው። አውሮፕላኑ በላዩ ላይ አረፈ፤ አርባ ሦስቱም ቁስለኞች ከእኔ ጋር ወጡ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ከእነሱ አንዱ ነው።

አሁን ሜዳሊያ ሊሰጡኝ ነው። መቶ አለቃው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሁሉንም ነገርሁትና ሰውየው ወጥቶ በወጉ ይቀበር አልሁት። ኮፍያውን አነሣና፣ «ሜዳው በቀን አሥር አውሮፕላን ያስተናግዳል፤ አርፈህ ዳን» ብሎኝ ወጣ። ስለዚህ ቦታውን በሌላ ወረቀት ላይ ነድፌ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ከመጋዘኑ በር ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ፣ ከሜዳው መሐል መስመር ሦስት እርምጃ ወደ ቦዩ። ግንበኛ ነኝና ልኬቴ አይስትም። ጦርነቱ ሲያበቃ ያን ሰው የምትፈልግ እህት አትጠፋም። እኔ ከተረፍሁ ራሴ አሳያታለሁ፤ ካልተረፍሁ ወረቀቱን አንቺ ስጫት። ማን እንደገደለው ከጠየቀችሽ አትደብቂያት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ከደረጃ ወድቆ ነው በያት፣ ሌላውን እኔ እነግራታለሁ። ባለቤትሽን ሲጋራውን ይተው በይልኝ። መንትዮቹን አንድ ባንድ ጉንጫቸውን ሳሚ፤ አንዷ ብቻ ከተሳመች ጠብ ይነሣል። ግንብ ያስተማሩኝን ጎረቤታችንን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው፤ አካፋ ምን እንደሠራሁበት ግን አትንገሪያቸው።

አንቺ ግን ይህን ሁሉ አንብበሽ አሁንም ወንድሜ የምትዪኝ ከሆነ፣ አንዲት መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጦር ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
የካቲት 6 ቀን