አባባ የቀጠቀጠው ሰይፍ

ለውድ እህቴ ለዴርቭላ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ ብሬንዳንስ? ትንሿ ኦርላ ጥርስ አወጣች? እናንተ ዘንድ ፐርዝ ሙቀቱ ከአሁኑ ጀምሯል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ሁላችንም አለን፤ ግን በስልክ ልነግርሽ ያልደፈርኩት ነገር አለ።

ከሐይቁ ጭቃ የወጣውን የጥንት ሰይፍ አምሳያ እንሥራ ብላ ወደ አንጥረኛ ቤታችን ስለመጣችው ተመራማሪ፣ ስለ ግሮንያ፣ አጫውቼሽ ነበር። ሰይፉ ከክንድ ብዙም አይረዝምም፤ እምብርቱ ለስላሳ ብረት፣ ጠርዙ አረብ ብረት ነው። ሁለቱ የተጣበቁት በእሳትና በመዶሻ ብቻ ስለሆነ የእኛም እንደዚያው ይሁን አለች። አባባ ይህን ሲሰማ፣ የምመታው እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ። እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቂያለሽ፤ ሻይ እንኳ ሳያፈስ አይጠጣም። እማማ ብትለምነው፣ ብትቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ታዲያ ከሞትኩ በኋላ ልምታው?" አላት።

በማግስቱ ግሮንያ ወናፉን ያዘች፤ እኔ ብረቱን በጉጠት ጨብጬ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አኖርኩት። ነጭ ሆኖ ብልጭታ ሲተፋ ካልተመታ አይያያዝም። የመጀመሪያው ምት ልክ ገባ፤ ሁለተኛውም። ከዚያ መዶሻው ተንሸራተተና የግራ እጄ አንጓ ላይ አረፈ። ጉጠቱን ብለቅ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነውና ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ።

"መታሁህ እንዴ?" አለኝ።

"ጓንቱን ነው፤ ምታ አባባ፣ እንዳይቀዘቅዝ።"

መትቶ ጨረሰ።

ሰይፉ ተሞርዶ የቀንድ እጀታ ከገባለት በኋላ ግሮንያ ልትፈትነው የተሰቀለ የአሳማ ሥጋ ጎን ላይ ሰነዘረችው፤ እስከ አጥንቱ ዘለቀ። ትንሽ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ጉልበቷ ላይ አስደግፋ እያቃናችው፣ የጥንቱም እንዲሁ ጎብጦ እንደተቃና ምልክት አለው ስትል አባባ እጄን አየና ፊቱን አዞረ።

የአንጓዬ አጥንት ተሰንጥቆ በጀሶ ታስሯል። ለአባባ ከብስክሌት ወደቅሁ ብዬዋለሁ፤ ስትደውዪ አደራሽን እንዳታነሺበት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቤት ሲመጣ ወናፉ ዘንድ ይቀመጣል፤ መዶሻውን አይጠይቅም።

ብሬንዳንን ሰላም በይልኝ፤ ኦርላን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ሹራቡን ልትጨርስልሽ እጅጌው ቀርቷታል፤ አክስት ኖሪንም ናፍቀሻታል። አባባን ለዴርቭላ ምን ልበልልህ ብዬ ብጠይቀው እሳቱን እያየ፣ "ሰላም በላት" አለኝ። "ሰይፉ የተያያዘው ጉጠት ያዡ ስላልለቀቀ ነው ብለህም ጻፍላት።"

ወንድምሽ ኮልማን

ዌስትሚዝ፣ አየርላንድ
ኖቬምበር 9 ቀን 2018